የባዶ ሆድ ሐሙስ

ሐሙስ ጠዋት ማንም ሠራተኛ ቁርስ በልቶ እንዳይመጣ ታዘዘ። ትእዛዙ ተፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበት፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካው በር ላይ በአራት ሚስማር ተመትቶ ነበር፤ አዋጅ የታወጀ ይመስል።

ዓመታዊው የጤና ምርመራ እስከ ዘንድሮ ቀላል ነበር። ምላስ ያሳያሉ፣ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ "የቆየ በሽታ አለ?" ሲባሉ "የለም" ይላሉ። ጨርቅ ቆራጯ ዘጠኝ ዓመት "የለም" ስትል ስኳር በሽታዋም አብሯት ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ዘንድሮ ግን ደም ይወሰዳል። በሽታ የተገኘበት ከማሽኑ ተነሥቶ ማጠፊያ ክፍል ይገባል፤ ከማጠፊያ ወደ መቁረጫ የተመለሰ ሰው ደግሞ ታይቶ አይታወቅም።

ስለዚህ ዘዴ ዘየደች። የደም ስኳሯ ቁጥር እንዲያምርላት፣ እህል ሳትቀምስ የጠዋት ኢንሱሊኗን ሙሉውን ተወጋች። ሁለት ሰዓት ላይ ደም ትሰጣለች፣ ሁለት ተኩል ላይ ዳቦዋን ትበላለች። ያላሰበችው የነርሷን ቁልፍ መጥፋት ነው።

ሦስት ሰዓት አለፈ። መርፌዎቹ ያሉበት ቁም ሣጥን አልተከፈተም።

"ትናንት እዚሁ አስቀምጬው ነበር" አለች ነርሷ፣ ያንኑ መሳቢያ ለአራተኛ ጊዜ እየሳበች።

"መቼም እግር የለው" አለ ካውያ ተኳሹ።

"ሰልፍ ያዙ" አለ አለቃው። "የኛ ክፍል እንደሆነ በሽተኛ የለበትም። ለወግ ያህል ነው።"

"እኔ ራስ ምታት እንኳ አላውቅም" አሉ ለጡረታ የተቃረቡት ዚፕ ሰፊ፣ ጋሼ ዚፕ የሚባሉት፣ ግድግዳውን ተደግፈው።

ቆራጯን ላብ አጠመቃት። ሃያ ድርብ ጨርቅ ሳያዛንፍ የሚቆርጠው እጇ የምርመራ ቅጹን መያዝ አቃተው። ኪሷ ውስጥ ከረሜላ አለ። ብትበላው ምርመራው ይበላሻል፣ ሁሉም ያውቃል፤ ባትበላው ወለሉ እየቀረባት ነው። ቁልፉ፣ ማስታወቂያው፣ ዘጠኝ ዓመት ሽንት ቤት ተደብቃ መወጋቷ፣ ሁሉም ባንዴ አንገፈገፋት።

"እህቴ፣ ፊትሽ ምነው?" አለ ተኳሹ።

"ቁርስ ስላልበላሁ ነው።"

"ታዲያ ማን በላ?"

በመጨረሻ ከረሜላውን አወጣች። ከእጇ አምልጦ ካግዳሚ ወንበሩ ሥር ገባ። እሷም ግድግዳውን ተንሸራትታ ቁጭ አለች።

"ስኳሬ ወርዷል" አለች ድምፅዋን ሳትደብቅ። "ጣፋጭ ነገር የያዘ አለ?"

ከዚያ ተኳሹ ከደረት ኪሱ ከረሜላ አወጣ። ጋሼ ዚፕ መሐረባቸውን ፈቱ፤ የተቋጠረ ስኳር ነበር። ከኋላ ሁለት እጆች ከነከረሜላቸው ተዘረጉ። አለቃው ግን ማንንም ሳያይ ተንበረከከና ከጃኬቱ ውስጥ ትንሽ የጭማቂ ጠርሙስ አውጥቶ ከፈተላት።

"ባንዴ ጠጪው" አለ ቀስ ብሎ። "ሩብ ሰዓት ትጠብቂያለሽ፤ ካልተሻለሽ ሌላ አለኝ።"

ነርሷ ከበሩ ብቅ አለች። "ቁልፉ ተገኘ። ማነው የመጀመሪያው?"

ማንም ከሰልፉ ወደ በሩ አልተራመደም።