የካሊንጋ ሰዎች በአራት ምርጫ

ናቪን በሮተርዳም ወደብ መጋዘን አብሮኝ ሳጥን የሚደረድር ህንዳዊ ነው። አገሩ ተመልሶ ለመንግሥት ሥራ ሊፈተን ስለሚያጠና፣ በእረፍት ሰዓት ከመጽሐፉ የታሪክ ጥያቄ የማነብለት እኔ ነኝ። ማውርያ፣ ጉፕታ፣ ቾላ፣ የዴልሂ ሱልጣኖች እያለ ሲያነበንብ ሦስት ወር ሙሉ ችዬዋለሁ።

ትናንት ግን እንዲህ የሚል መጣ፤ «ንጉሥ አሾካ ካሊንጋን ሲወጋ፣ ከቀያቸው ተነቅለው የተጋዙት ስንት ናቸው?» ከሥሩ አራት ምርጫ ተደርድሯል።

«መቶ ሃምሳ ሺህ!» አለ ናቪን፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ። ፍርፋሪው ገጹ ላይ ተረጨ። ደስ ብሎት ይስቃል!

እኔ ራሴ ከቀዬ ተነቅዬ በስደት የመጣሁ ሰው ነኝ። እናቶች ከነልጆቻቸው ሲነዱ ታየኝ፤ እሱ ግን ከዳቦው ጋር ያላምጣቸዋል።

«አታፍርም?» ብዬ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ሰው እኮ ናቸው! ለአንድ ነጥብ ብለህ የሰው መከራ ትሸመድዳለህ?»

ናቪን አልተቆጣም። መጽሐፉን አንስቶ ፍርፋሪውን አራገፈ። እኔም ንዴቴ ሳይበርድ ዳቦዬን ጎረስኩ።

«ሽባባው» አለኝ ቆይቶ፣ «አንተስ እዚህ አገር ለመኖር የኢንቡርኸሪንግ ፈተና ወስደህ የለ? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ይህን አገር ባሕር ሲያጥለቀልቀው ስንት ሰው ሞተ?»

«አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ስድስት!» አልኩት፣ የጎረስኩትን ሳልውጥ። ፍርፋሪው ደረቱ ላይ ተረጨ።