የሄርሞን ብየዳ

ኣምደሚካኤል የግራይንደሩን ድንጋይ የልጁ የሄርሞን ብየዳ ላይ አሳረፈው። ብልጭታው እስከ በሩ ተፈናጠረ። ቴላዮው፣ የብስክሌቱ ዋና የብረት አካል፣ መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ በጎኑ ታስሯል። ሁለቱ ወፍራም ቱቦዎች መሪው የሚገባበትን አጭር ቱቦ የሚያገኙበት ቦታ፣ አንገቱ፣ ወደ ላይ ዞሯል። ሄርሞን ሦስት ቀን ሙሉ የታገለችው እዚህ ላይ ነበር። ብየዳዋ ጎርበጥባጣ ነው፤ አንዱ ጋ ተቆልሏል፣ ሌላው ጋ ተንጠባጥቧል። አሁን እየተላጠ፣ እየነጣ፣ ከቱቦው ጋር እየተካከለ ሄደ።

ማሽኑን አጥፍቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አይቆረቁርም። ደስ አለው።

ገርጂ ውስጥ የብረት በር የሚያሰራ ሰው ኣምደሚካኤልን የሚመርጠው ለዚህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሰርቷል፤ ከእሱ ቤት የወጣ በር ብየዳው የት እንዳለ አይታወቅም። ይሞርደዋል፣ ስቱኮ ይቀባዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፣ ቀለም ይነፋበታል። ብረቱ ሲፈጠርም አንድ የነበረ ይመስላል።

ይህን ቴላዮ ግን እንዳይነካ ተነግሮት ነበር። ሄርሞን ሃያ ዓመቷ ነው፤ አካውንቲንግ ትማራለች። ጎሮ ሜዳ ላይ በትንንሽ ብስክሌት ከአፈር ቁልል ላይ የሚዘሉ ልጆች አይታ ልቧ እዚያ ቀረ። አዲሱ ብስክሌት የማይቀመስ ሆነባትና "እኔው እሰራዋለሁ" አለች። አባቷ በሳምንቱ ይሰለቻታል ብሎ ዝም አላት። አልሰለቻትም። የቴላዮውን ቅርጽ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሳለች። የመጀመሪያው ቱቦ ስስ ነበርና ብየዳው በሳው፤ ጥላ ወፍራም ገዛች። መሪውን ራሷ ቆረጠች፣ ራሷ በየደች። የእግር መቆሚያዎቹን ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ አወጣች። ሁለት ወር ሙሉ ከትምህርት መልስ ደብተሯን መደርደሪያ ላይ ወርውራ የእሱን ቱታ ትለብሳለች።

"አቦይ፣ እጅህን እንዳታስገባ" ብላው ነበር። "ቢጣመምም የራሴ ይሁን።"

እሺ ብሏት ነበር። እስከዚያ ዓርብ ድረስም ቃሉን ጠበቀ። ዓርብ ጠዋት ግን ጎረቤቱ አናጺው ኣክሊሉ መሰርሰሪያ ሊዋስ ገባና ቴላዮውን አይቶ ሳቀ።

"ኣምደ፣ ይሄን የበየደው ዶሮ ነው እንዴ?"

"ሄርሞን ናት።"

"ታዲያ አንተ ምን ትሰራለህ? ልጅቷ መንገድ ለመንገድ ስትነዳው ሰው ከማን ቤት ወጣ ይላል?"

ኣክሊሉ መሰርሰሪያውን ይዞ ሄደ፤ ሳቁ ግን ቀረ። ከሰዓት ሄርሞን ለኋላ ጎማው ኩሽኔታ ፍለጋ ሾላ ስትወርድ፣ ግራይንደሩን አነሳ።

አመሻሹ ላይ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆመች። ቴላዮው ስቱኮ ተቀብቶ፣ ከሰው በር በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ተነፍቶ፣ ደርቆ፣ ጣሪያው ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል።

"ማነው የቀባው?"

"እኔ ነኝ።"

ተጠጋችና ጣቷን አንገቱ ላይ አደረገች። ጣቷ ተንሸራተተ።

"ብየዳዬስ?"

"አለ፤ ውስጥ ነው። አስተካከልኩልሽ።"

ኩሽኔታውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

"ያምራል" አለች። "አመሰግናለሁ፣ አቦይ።"

ቀና ብላ አላየችውም። ኣምደሚካኤል ይህን አይቷል። የሰውን ፊት ሳያነብ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎማዎቹን አሰረች፣ ካቴናውን ወጠረች፣ ቅባት ባለበት እጇ ዳቦ ቆርሳ ጎረሰች።

"ዛሬ ትልቁን እዘላለሁ" አለችው።

"ትልቁ ምን ያህል ነው?"

"ካንተ ይበልጣል" ብላ ሳቀች። ብስክሌቱ ላይ ቆማ እየረገጠች በኮብልስቶኑ ቁልቁል ወረደች። ሰማያዊው ቀለም ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። ኣክሊሉ ከሱቁ ብቅ ብሎ አየና አውራ ጣቱን አነሳለት።

አራት ሰዓት ላይ ተካልኝ የሚባል ደንበኛ የግቢ በሩን ሊወስድ መጣ። ጎንበስ ቀና እያለ ዞረው፤ በመዳፉ እየዳበሰ ራሱን ነቀነቀ። ማጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ጋሽ ኣምደ፣ ሁሉም ነገር እንደ መስታወት ነው። ይሄ ብቻ ምነው ተረሳ?"

"አልተረሳም።"

"ያበጠ ነገር እኮ ነው። ሚስቴን አያውቋትም፣ መጀመሪያ የምታየው ይሄን ነው።"

"ማጠፊያ አይሞረድም።"

"ለምን?"

ኣምደሚካኤል ይህን መልስ መቶ ጊዜ ሰጥቷል። ሳያስበው ነው ከአፉ የሚወጣው።

"ተሸካሚ ስለሆነ ነዋ። ይሄ ሁሉ ኪሎ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ያበጠው ጉልበቱ ነው። እሱን ሞርጄ ባሳምርልህ፣ አንድ ቀን ከነቀለሙ እግርህ ላይ ይወድ..."

አልጨረሰውም። እጁ ማጠፊያው ላይ እንዳለ ቀረ።

በር ቆሞ ይውላል። ይከፈታል፣ ይዘጋል። እሱ ግን በር ሲሰራ በኖረ እጁ ብስክሌት ነካ። የብስክሌት አንገት ምን እንደሚሸከም አላሰበም። ልጅቷ ከነክብደቷ ከሰው ቁመት በላይ ወጥታ ስትመለስ የምታርፈው እዚያ ላይ ነው።

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ።

"ተካልኝ፣ ቤቱን ጠብቅልኝ።"

"እንዴ! በሬስ?"

"መጣሁ።"

ታክሲው በጃክሮስ በኩል ሲሄድ በየፌርማታው ቆመ። ኣምደሚካኤል ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። አልተቁነጠነጠም። ታክሲ በመቁነጥነጥ እንደማይፈጥን ያውቃል። ምን እንደሚላት ነበር የሚያስበው። ጓደኞቿ ፊት ነው የሚያገኛት። "እናትሽ ትፈልግሻለች" ቢላት ትመጣለች። ብስክሌቱን ይቀበላታል። ሰኞ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብየዳውን ደግሞ አጠንክሮ፣ ቀለሙን መልሶ ቢያስቀምጠው ማንም አያውቅም። እሷም አታውቅም። ነገሩ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ እንደ በሮቹ።

ጎሮ ወርዶ አንዲት ባለሱቅ ጠየቀ። ሜዳው ካላለቀ ሕንጻ ጀርባ ነው። አስር የሚሆኑ ልጆች አሉ። ሁለት የአፈር ቁልል ተደልድሏል፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ እውነትም ከሰው ይበልጣል። ሄርሞን ከራቀው መነሻ ላይ አንድ እግሯን መሬት አስረግጣ ቆማለች። ፊቷ ወደ ትልቁ ነው።

ቢጮህም አትሰማውም። ስለዚህ አልጮኸም። ሜዳውን አቋርጦ ሄዶ በመነሻውና በትልቁ ቁልል መሃል፣ መንገዱ ላይ ቆመ።

"ኧረ ጋሼ! ይውጡ፣ ትገጭዎታለች!" አለች አንዲት ልጅ ከዳር።

ኣምደሚካኤል አልወጣም። ሄርሞን ተነስታ መጣች። ስታየው ፍሬን ያዘች፤ ጎማዋ አፈሩን እየፈተገ እግሩ ሥር ደረሰ።

"አቦይ? ምን ሆነህ ነው? ኣደይ ደህና ናት?"

በታክሲ ውስጥ ያሰበው ውሸት ይኸው በእሷው አፍ መጣለት። "ትፈልግሻለች" ማለት ብቻ ነበር የቀረው።

"እናትሽ ደህና ናት" አላት። "ውረጂ።"

ወረደች። ልጆቹ ተሰበሰቡ። ከዳር የጮኸችው ልጅ ቤቴል ትባላለች፤ የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛለች።

"የሄርሚ አባት ነዎት? በጌታ፣ ይሄን ነገር እንዴት አድርገው ነው የሰሩት? ፋብሪካ የወጣ እኮ ነው የሚመስለው! ለእኔም ይሰሩልኛል?"

"እኔ አልሰራሁትም።" ኣምደሚካኤል ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ብስክሌቱን አጋድሞ ተንበረከከና በቁልፉ ጫፍ የአንገቱን ቀለም ፋቀ። ከሥር ስቱኮው ተሰንጥቋል። ስቱኮውን አራገፈው። ብረቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ፤ ከታች ጀምሮ ሩቡን ያህል ዞሯል።

አንዱ ልጅ አፏጨ።

"ስንት ጊዜ ዘለልሽበት?"

"ትንሹን... አራቴ። አሁን ትልቁን ልሄድ ነበር።"

"ብየዳሽን ሞርጄዋለሁ" አለ። ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ። "ትናንት። የሚሸከመው እሱ ነበር፤ እኔ ለመልክ ብዬ አነሳሁት።"

ሄርሞን መስመሩን አየችው።

"የኔው ቢሆን ይችል ነበር?"

"ይችል ነበር።"

"ያ አስቀያሚው?"

"አስቀያሚው። በደንብ ገብቷል። ስሞርደው አይቻለሁ፤ ቀዳዳ የለውም።"

"ታዲያ እያየህ ለምን ሞረድከው?"

ኣምደሚካኤል ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ኣክሊሉ ሳቀ።"

"ኣክሊሉ ማነው?" አለች ቤቴል።

"አናጺ ነው" አለች ሄርሞን። ወደ አባቷ ዞረች። "ለአንድ አናጺ ብለህ አንገቴን ልታሰብረኝ ነበር? ያውም ወንበሩ እንኳን እኩል የማይቆምለት አናጺ?"

ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ብስክሌቱን አንስታ እየገፋች ወደ መንገድ ወጣች። አባቷ ተከተላት።

ታክሲ አልያዙም። ሄርሞን ብስክሌቱን እየገፋች፣ እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ እስከ ጃክሮስ ሄዱ። እዚያ መኪና ሲያሳልፉ ቆመች።

"ትናንት ስገባ ሰው የሰረቀኝ ነው የመሰለኝ" አለች። "ቀለሙ አምሯል። ግን የኔ የሆነው ነገር የለም። ማልቀስ ነበር ያማረኝ።"

"አይቼሻለሁ።"

"አየኸኝ?"

"አየሁሽ። ዝም አልኩ።"

ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት አልለመደም። ብስክሌቱን ልግፋልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን አልሰጠችውም። መኪናው አለፈና ተሻገሩ።

ቤት ሲደርሱ ተካልኝ በሩን ከነማጠፊያው ጭኖ ሄዷል። ሄርሞን ቱታውን ለበሰች። ጎማዎቹን አወጣች፤ ቴላዮውን ሞርሳ ላይ አሰረች። ቀለሙንና ስቱኮውን ከአንገቱ ላይ አጸዳች። ስንጥቁን እስከ ሥሩ ከፈተችው፤ ብየዳው ወደ ውስጥ እንዲገባ። ይህን እሱ አላሳያትም። እጁን ሲመለከት የተማረችው ነው።

ኤሌክትሮድ መረጠች። ኣምደሚካኤል አጠገቧ ቆሟል።

"አሁን እሱን ትንሽ አጋደል አድርጊና ከታች..."

የፊት መከለያዋን ገልብጣ አየችው።

ኣምደሚካኤል ዞሮ ወጣ፤ በሩን ገርበብ አደረገውና ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። በዚህ ቤት ውስጥ ብረት ሲበየድ እሱ ውጭ ቆሞ አያውቅም። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት፤ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ አጣመረው።

ከውስጥ ድምፁ ጀመረ። ዘይት ላይ የወደቀ ነገር ይመስል ተንጣጣ፤ ከዚያ አንድ ወጥ ሆነ። ሲረጋ ይሰማዋል። አንዴ ተቋረጠ። ትከሻው ሊዞር ፈለገ። ከለከለው። መዶሻው ቅርፊቱን ሲያራግፍ ተሰማ፤ ትንሽ ጸጥታ ሆነ፤ ደግሞ ተነሳ።

ወይዘሮ አዝመራ ከማዶ አንድ እግሩ የተነቀለ የብረት ወንበር አንጠልጥለው መጡ።

"ጋሽ ኣምደ፣ እንኳን አገኘሁዎት። ይቺን እግር ቶሎ ይለጥፉልኝ፣ እንግዳ መጥቶብኛል።"

"በያጇ ሥራ ላይ ናት" አለ ኣምደሚካኤል። "ይጠብቁ።"

ሴትዮዋ ነገሩ አልገባቸውም። በእሱ ትከሻ ላይ ተንጠራርተው ገርበብ ባለው በር ወደ ውስጥ ሊያዩ ሞከሩ።

"አይመልከቱ፤ ዓይን ያቃጥላል" አላቸው። እሱም አልዞረም።