ኤንሲዮ ሳውና አልገባም አለ

እኛ ቤት ፍቅር የሚገለጸው በጡጫ ነው። ላስቃችሁ ብዬ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ታይስቶ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ጎጆአችን ደጃፍ ላይ ጎኔን ረግጦ አጥንቴን ሰብሮታል። እኔም እኅቱ ራይሊ ጆሮውን ነክሼው ጫፉ እስከ ዛሬ ጎዶሎ ነው። የሁላችን ታናሽ ኤንሲዮ ከእኛ ቀድሞ ስለገዘፈ ሁለታችንንም በብብቱ ይዞ ውሃ ውስጥ ይከተን ነበር። እናታችን ደግሞ በረጠበ የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ ሦስታችንንም ትለበልበናለች፤ ጥፋተኛውን በመለየት ጊዜዋን አታባክንም። በጋም ሆነ በረዶ እንዲህ ነበር የምንደሰተው። ደስታ ነው ያልኩት፣ አዎ። የከተማ ሰው ባይገባው አልፈርድበትም።

ቅዳሜ ግን ሳውና አለ፤ የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየደፋን በእንፋሎቱ የምንታጠብበት ክፍል። አባታችን ከመኖሪያው አስቀድሞ የሠራው ሳውናውን ነው። እዚያ ውስጥ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ራቁቱን በረዶ ላይ ይወረወራል፤ ታይስቶ አንዴ ተወርውሮ አይቶታል። ሳምንቱን ሙሉ ስንቧቀስ የከረምን ሰዎች መደቡ ላይ ተደርድረን፣ አንዳችን በሌላችን ገላ ላይ ያበለዝነውን እያየን፣ ዝም ብለን እናልባለን። የአንዱን ጀርባ ሌላው ያሻል። ስንወጣ ቂም የሚባል ነገር አይኖርም። ካደግንና ከተጋባን በኋላም ይኸው ነው፤ ቤተሰብ ነን፣ ማንም ማንንም አያፍርም። ስለዚህ ከመሐላችን አንዱ ሳውና አልገባም ሲል መታጠብ አላሰኘኝም ማለቱ አይደለም። ከእናንተ ጋር የለሁበትም ማለቱ ነው። እኛ እንደዚያ ነው የተረዳነው።

ኤንሲዮ መጀመሪያ እምቢ ያለው አባታችን ከሞተ ዓመት ሳይሞላው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር ነበር። ጀልባውን ከውሃ ለማውጣት ተሰብስበናል። ሚስቱ ኢርሜሊም መጥታለች፤ ቀጭን፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የምታሠለጥን፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታ ብዙም የማይርቅ ሴት። ከተጋቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። እኔ እወዳት ነበር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የማትጮህ እሷ ብቻ ናት፤ ስትመጣ ለእናቴ የሱፍ ካልሲ ይዛ ትመጣለች። ያን ቀን ታይስቶ በመረብ የገባ ትልቅ ጥርሳም ዓሣ እጁን ዘልዝሎት፣ በንዴት ዓሣውን ድንጋይ ላይ እየደጋገመ ፈጠፈጠው፤ ደሙ ፊታችን ድረስ ተረጨ፤ ሳቅን። ከዚያ ሳውናው ጋለ። ኤንሲዮ ትኩሳት ቢጤ አለብኝ ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ታይስቶ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ ሙሽራው ገላህ ረከሰብህ እንዴ ብሎ ቀለደበት። ኤንሲዮ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

በበረዶው ወራትም አልገባም። አባታችን በሞተበት ቀን መታሰቢያ፣ በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ የመጥለቂያ ጉድጓድ ቆፍረን፣ እናታችን ራስዋ ምድጃውን አንድዳ፣ ሁላችንም ልብሳችንን ስናወልቅ፣ እሱ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ውጭ ቆመ። ይሄኔ ታይስቶ አበደ። ፎጣ ብቻ አገልድሞ በባዶ እግሩ በረዶው ላይ ወጣና አንገቱን ያዘው። አባቴን ናቅኸው አለው። ከእኛ ለመለየት ምክንያት እየፈለግህ ነው አለው። በቡጢ አገጩን መታው፣ ደገመው፣ ሠለሰው። ታይስቶን በአንድ እጁ አንሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ መክተት የሚችለው ሰውዬ እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንደ ከተተ ተመታ። በረዶው ላይ ቀይ ቀይ ነጥብ ወደቀ። እኔም ስለ ተቃጠልኩ በረዶ የምንጠርግበትን አካፋ አንሥቼ በእግሩ ላይ አሳረፍኩበት። ኢርሜሊ ከጎጆው በር ላይ ሆና ታየናለች። ኋላ መጥታ በመሐረብዋ አገጩን ጠረገችለትና ይዛው ሄደች። እንዴት ያለች ሚስት ናት አልኩ፤ ይህንኑ በቃሌ ተናግሬአለሁ።

በጸደይ የሐይቁ በረዶ ሲሰባበር ነፋሱ ያን ሁሉ ክምር እያንጋጋ ወደ እኛ ዳርቻ ገፋው። እንደ ቤት የተቆለለ በረዶ የጀልባውን መጠጊያ ክብሪት እንደ መስበር አደቀቀው፤ የበረንዳውን አንድ ማዕዘን ይዞት ሄደ። ሁላችንም ተጠርተን መጣን። ኤንሲዮ ጣሪያው እንዳይወድቅ ግንዱን በትከሻው ደግፎ፣ እኛ ምሰሶ እስክንተክል ድረስ ቆመ። ኩራት ያዘኝና፣ ጎሽ የኔ በሬ ብዬ ጀርባውን በጥፊ ጠበጠብኩት። ጮኸ። ወንድሜ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ጉልበቱ ከድቶት ግንዱ ሊጫነን ሲል ታይስቶ ደረሰለት። ኢርሜሊ ጡንቻው ተሳስቦበት ነው አለች፤ ዘይት እቀባዋለሁ አለች። እኔ ቂል ሳቅሁበት። ትዳርህ አለሰለሰህ አልኩት።

እንግዲህ የሰኔው በዓል መጣ፤ ፀሐይዋ አልጠልቅም የምትልበት። ዳርቻው ላይ ለማታ የሚለኮስ የእንጨት ቁልል ቆሟል። ድንች በእንስላል ተቀቅሏል፣ ዓሣው ተጨሷል፣ ጠርሙሱ ተከፍቷል። የታይስቶ ሁለት ወንዶች ልጆችም አሉ፤ ሁለቱም እንደ አባታቸው ጎረምሳ ወይፈኖች። እናታችን ከሳውናው በር ብቅ ብላ ደርሷል አለች። ሁላችንም ኤንሲዮን አየነው። እሱ ሳህኑን አየ።

ታይስቶ፣ «ዛሬ በእግርህ ካልገባህ ተሸክመን እናስገባሃለን» አለው።

ኤንሲዮ ከመቀመጫው አልተነሣም። ታይስቶ ለልጆቹ ራሱን ነቀነቀላቸው፤ እኔም ማንም ሳይጠራኝ ተነሣሁ። ጠረጴዛው ተገለበጠ። ኤንሲዮ አንዱን ልጅ በክርኑ ብሎ አራቀው፣ ታይስቶን በግንባሩ ገጭቶ አፍንጫውን ሰበረው፤ የስብራቱን ድምፅ ሰማሁት። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አራታችን ተረባርበን ሣሩ ላይ ጣልነው። እንስቃለን እኮ። ታይስቶ ደሙ አፉ ውስጥ እየገባ ይስቃል። እንደ ድሮው መሰለን፤ እሱም እንደ ድሮው የሚታገለን መሰለን። ኢርሜሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች፤ «ተዉት! ልብሱን አትንኩ!» ብላ። ይቺ ጨዋ አልንና ባሰብን። ታይስቶ ሸሚዙን በኮሌታው ይዞ እስከ ታች ተረተረው።

ከዚያ ማንም አልሳቀም።

ጀርባው ሁሉ የካውያ ጠባሳ ነበር። ያ ሹል የካውያ ጫፍ፣ እንደ ማኅተም፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ። የቆየው ነጭ ሆኗል፤ አንዳንዱ ሐምራዊ ነው፤ ትከሻው ላይ ያለው ገና ውሃ የቋጠረ ነበር፣ በትግላችን ፈንድቶ ሣር ተጣብቆበታል። በብብቱ ሥር ደግሞ የፈላ ውሃ የላጠው ቆዳ አለ። ታይስቶ ሸሚዙን እንደ ያዘ ወደ ኋላው ሄደ። እናታችን ከሳውናው መጥታ አጠገባችን ቆማለች።

«ማን ነው?» አለች።

ኤንሲዮ ቀና ሲል ያየው እኔን አይደለም፣ እናቱንም አይደለም። ኢርሜሊን ነው ያየው፤ ተቆጥታ እንደሆነ ለማወቅ። ያን አስተያየት በውሻ ላይ አይቼዋለሁ፤ በወንድሜ ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። መለስ ብዬ ሴትየዋን ሳያት ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። የምታፍር እንኳ አትመስልም።

ዓሣ የምንገድልበት አጭር ዱላ በረንዳው ላይ ነበር። አነሣሁት። ራሷን ልመታ ነበር፣ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ወደቀች፤ ሁለተኛውን ስሰነዝር መሬት ከእግሬ ሥር ሄደ። ኤንሲዮ ከኋላዬ አንሥቶ ወርውሮኛል። ድንጋዩ ላይ በፊቴ አረፍኩ፤ የፊት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ።

«አትንኪያት» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «የኔ ጥፋት ነው፣ ራይሊ። እኔ ነኝ የማናድዳት።»

ያን ሁሉ ዱላ ችዬ፣ ይቺን ቃል መቻል አቃተኝ። ደም እየተፋሁ እዬዬ አልኩ።

ኢርሜሊ ትከሻዋን ይዛ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። «ሸሚዝህን ልበስና እንሂድ» አለችው፣ በዚያው በለሆሳስዋ። እሱም እጁን ወደ ታይስቶ ዘረጋ፤ የተቀደደውን ሸሚዝ እንዲሰጠው። ይህ ጫካ የሚመነጥር ግዙፍ ሰው፣ ጀርባው እየደማ፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ታይስቶ መስጠትም መንፈግም አልቻለም፤ ሸሚዙን ደረቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል።

እናታችን ናት የተንቀሳቀሰችው። ከእንጨት መፍለጫው ግንድ ላይ መጥረቢያውን ነቀለች፤ በፎጣዋ እንዳለች፣ ያቺ ሚጢጢ አሮጊት፣ ወደ መኪናቸው ሄደች። የፊት ጎማውን በአንድ ምት ዘነጠለችው። ወደ ሌላው ዞረች። ከዚያ መስታወቱን፣ ከዚያ መብራቶቹን፣ ከዚያ ሞተሩ ላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ መጥረቢያው እየተቀረቀረባት፣ በእግሯ እየገፋች እየነቀለች ደበደበችው። ማንም አልከለከላትም። ስትጨርስ እያለከለከች ኢርሜሊ ፊት ቆመች።

«ልጄ ገና አልታጠበም» አለቻት። «አንቺ ከቸኮልሽ መንገዱ ያውልሽ።»

«እርስዎ አያውቁትም፣ እማማ» አለች ኢርሜሊ። «ተከትሎኝ ይመጣል።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ በጫካው መንገድ ሄደች።

እናታችን ኤንሲዮን እጁን ይዛ አስገባችው። ታችኛው መደብ ላይ፣ ሙቀቱ በማይበረታበት፣ አስቀመጠችው። ታይስቶ በተሰበረ አፍንጫው፣ እኔ በጎደለ ጥርሴ ተከትለን ገባን፤ ልጆቹ በር ላይ ቀሩ። እናታችን ለብ ባለ ውሃ፣ በመዳፏ ብቻ፣ ሣሩን ከቁስሉ ላይ ታነሣለች።   ኤንሲዮ ይሄዳል እያልኩ ነበር የምፈራው። መኪናውን ብትሰብረውም እግር አለው።

ከዚያ የኢርሜሊ ድምፅ መጣ። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆማ፣ «ኤንሲዮ!» አለች። ቁጣ የለበትም። ራት ቀርቧል እንደሚባለው ነው የጠራችው።

ኤንሲዮ ተነሥቶ ቆመ።

ልይዘው እጄን ስሰድ እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ሲገፉት ይከፈታል። እሷ ጭልፋዋን ይዛ፣ ጠብታ ውሃ እንኳ ሳታፈስ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲሰማው ጸጥ ብላ ቆመች። በዚያች ደቂቃ ጠላኋት።

«ኤንሲዮ!» ኢርሜሊ ደግማ ጠራችው። «ና፣ የኔ ሆድ፣ አልቆጣህም።»

መዳፉን በሩ ላይ አደረገ። ቆየ፤ በጣም ቆየ። ከዚያ ሳይዞር፣ «እማዬ፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ ጨምሪ» አላት።

«ቁስልህን ያቃጥልሃል።»

«ጨምሪ።»

እናቴ ጭልፋውን ገለበጠችው። ድንጋዩ ጮኾ ጥሪዋን ዋጠው፣ እንፋሎቱ ጣሪያውን መትቶ በላያችን ወረደ። ኤንሲዮ ጀርባውን ሲነካው እንደ ታረደ እንስሳ አጓራ። ጩኸቱ ሲበርድ የኢርሜሊ ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ አሁን እየቀረበ ነበር።

«ድገሚ» አለ ወንድሜ።

ደገመች። በሩን ለቆ ተመልሶ በመሐላችን ተቀመጠ፤ ታይስቶ በአንድ ጎን፣ እኔ በአንድ ጎን ሆነን እጆቹን ያዝን። እየተቃጠለ፣ እያለቀሰ፣ ባልዲው ባዶ እስኪሆን ድረስ፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ድገሚ ይላት ነበር።