ያልተጠገነው ግንብ

ግንበኛው ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈው። የሞተው ከከተማ ርቆ፣ ገጠር ውስጥ፣ ጉብታ ላይ በቆመ የጥንት ግንብ ውስጥ ነው። በድሮ ዘመን መሳፍንት ኖረውበታል፤ ኋላ ባለቤት አጥቶ የወፍና የእባብ መኖሪያ ሆነ። ይጠገን ተብሎ ሠራተኛ ሲቀጠር እሱም ሄደ። ሥራው ሳይጋመስ አንደኛው ግድግዳ ተናደና ይዞት ቀረ። ጥገናውም በዚያው ቆመ። አስከሬኑ ከተማ መጥቶ ተቀበረ እንጂ ሚስቱም እናቱም ቦታውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በተማሪ ዩኒፎርም ላይ ኮሌታ ስትገጥም ትውላለች። እናቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። እሱ ከሄደ ወዲህ ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ። የማያውቅ ሰው እናትና ልጅ እንጂ አማትና ምራት ናቸው አይልም።

አንድ ቀን አማትየዋ፣ «ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ ልጄ የወደቀበትን ልየው። ትወስጂኛለሽ?» አሏት።

ልብስ ሰፊዋ እሺ አለች። እሺ ስትል ግን ሆዷ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ሚስቱ ከሞተችበት ከአንድ ዝምተኛ ዳቦ ጋጋሪ ጋር ልትጋባ ቃል ተለዋውጣለች። ለአማቷ ልንገራቸው ባለች ቁጥር ሌላ ወሬ ታነሣለች። ምናልባት መንገድ ላይ ይቀለኝ ይሆናል ብላ አሰበች።

አውቶቡሱ መገንጠያው ላይ አወረዳቸውና ጉብታውን በእግር ተያያዙት። አሮጊቷ ጥቂት እየሄዱ ጥቂት ያርፋሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሽቦ ተጠምጥሞበት፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበታል።

«ምን ይሻላል እማዬ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ክልክል የሚሉት ሌባ ፈርተው ነው» አሉ። «እኛ ከዚህ ምን እንሰርቃለን? የሰረቀንስ ግንቡ ነው።» ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በሽቦው ሥር ሾለኩ።

ግቢውን ወገብ የሚደርስ አረም ውጦታል። ከጋጣው ግድግዳ ላይ ፈረስ ይታሰርባቸው የነበሩ የብረት ቀለበቶች ዝገው ተንጠልጥለዋል። ወጥ ቤቱ ከጣሪያው ጥቀርሻ በስተቀር ምንም አልቀረውም። በትልቁ አዳራሽ ሰማይ ይታያል፤ ከመስኮቶቹ ሥር ያሉት የድንጋይ መቀመጫዎች ስንት ሰው ተቀምጦባቸው መሐላቸው ጎድጉዷል። ልብስ ሰፊዋ አንዱን በእጇ ዳሰሰችው። ባሏ በስልክ፣ «እዚህ ያለው ድንጋይ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነው» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ ዩኒፎርም ማድረስ ነበረባትና ኋላ ትነግረኛለህ ብላ ዘጋችው።

አዋላጇ አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝተው በሩ ላይ ቆሙ። «ሴቶቹ ይወልዱ የነበረው እዚህ መሆን አለበት» አሉ። «ነፋስ አይገባባትም፤ የእሳት ማንደጃም አላት። ስንቷ እናት እዚህ ጮኻለች!» ጥቂት ቆይተው፣ «እሱን ስወልድ እኔም ሰፈሩን ቀስቅሼዋለሁ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልዘለቀም።

የተናደው ግድግዳ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ድንጋዩ እንደ ወደቀ ተቆልሏል፤ የእንጨት መወጣጫው ግማሹ ተሰብሮ ግማሹ ቆሟል። ጥግ ላይ አንድ ባልዲ አለ። በውስጡ የተቦካው ሲሚንቶ ደርቆ ዐለት ሆኗል፤ የግንበኛ ማንኪያም ሽቅብ እንደ ቆመ እዚያው ቀርቷል። የእሱ ይሁን የሌላ ሠራተኛ፣ የሚያውቅ የለም። እናቱ ግን አልተጠራጠሩም። ተንበርክከው እጀታውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳቡ። እንደገና ሳቡ። ንቅንቅ አላለም።

«በዚህ እጄ ስንቱን ሕፃን ከእናቱ ሆድ አውጥቻለሁ» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ይሄ ግን እምቢ አለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ተቀምጣ ጀርባቸውን አሻሸች። ከዚያ፣ አሁን መሆኑን ሳታስበው፣ «እማዬ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ» አለች።

«ስለ ዳቦ ጋጋሪው ነው?»

ደነገጠች። «ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? የደበቁትን እርግዝና ከፊት ሳነብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ደግሞ ለሁለት ሰው ያን ሁሉ ዳቦ ማን ይገዛል?»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። «ታዲያ ምን ይሉኛል?»

አሮጊቷ እጃቸውን ከማንኪያው ላይ አላነሱም። «የሞተ ተጎዳ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ አላግድሽም። ደስ ብሎኛል ብዬ ግን አልዋሽሽም። አንቺ ስትሄጂ እሱ ሁለተኛ ይሄድብኛል።»

«እማዬ ማለቴን ልተው?»

«ሌላ ምን ልትዪኝ ነው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። ምራታቸው ወገባቸውን ይዛ አውርዳ፣ አውቶቡስ ውስጥም ትከሻዋን አስደግፋ አመጣቻቸው።

ሠርጉ ጥቂት ሰው የተጠራበት ነበር። አዋላጇ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቀሩ። ጉልበት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

በሳምንቱ ሙሽሮቹ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ በሩ ላይ ተገተረ።

«ግባ በይው እንጂ፤ ውጭ አይቁም» አሉ አሮጊቷ።

ገባና፣ ምን ያውቃል፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የግንበኛው ወንበር ነው፤ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ልብስ ሰፊዋ ተነሣ ልትለው ስትል አማቷ በዓይናቸው ከለከሏት።

ለሰውዬው ሻይ ቀዱለት፤ ስኳሩንም ራሳቸው አማሰሉለት። ዳቦውንም ቀምሰው መልካም ነው አሉ። ከዚያ ሳሕን ላለቅልቅ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ልብስ ሰፊዋ የቧንቧውን ድምፅ ሰማች። ውሃው ያለ ማቋረጥ ይፈሳል፤ የሳሕን ድምፅ ግን የለም።

ዳቦ ጋጋሪው፣ «ልርዳቸው እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«ተዋቸው» አለችው። «ትንሽ ተዋቸው።»