የቁርቁራ እጀታ

መለሰ የወይራውን ቁራጭ ወደ ብርሃን አነሳና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄም ስንጥቅ አለው።»

«የቱ ጋ?» አለ ዐብዲወሃብ። «እኔ አይታየኝም።»

«አሁን አይታይም። ሲከርም ይከፈታል።»

ስንጥቅ አልነበረውም። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠው ረጅም የቢላዋ ስለት ትናንት አልቋል፤ የቀረው እጀታ ብቻ ነው። መለሰ ጂጂጋ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ የእጀታውን እንጨት የሚመርጠው ደንበኛው ራሱ ነው፤ የሚጨብጠው እሱ ነውና። ዛሬ ግን ደንበኛው ዐብዲወሃብ ያነሳውን ሁሉ ይጥልበታል። ግራሩን ነቀዝ በልቶታል አለው። በደንብ የደረቀውን የቁርቁራ እንጨት ከተቀመጠበት በርጩማ ሥር ደብቆታል።

ጠዋት የነገረችው ጎረቤቱ ሻይ ሻጯ ፈርዶውሳ ናት። የዐብዲወሃብ ታላቅ ወንድም ሀርሺን ላይ በቢርካ፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ጠብ ተገድሏል። «ሸሽቶ የከረመው ገዳይ ዛሬ ይገባል አሉ። ይሄ ደግሞ ቢላዋ ያሠራል! ጋሽ መለሰ፣ እጅህን አታስገባ» ብላው ሄደች።

መለሰ እጁን አስገብቷል። የሚፈልገው ወደ ሀርሺን የሚሄደው መኪና ይሄን ሰው ጥሎት እንዲሄድ ነው።

«ዋርያ፣ ሚስትህንም እንዲህ ነው የመረጥካት?» አለው ዐብዲወሃብ።

«እሷንማ ቸኩዬ ነው። ለዚህ ነው አሁን የማልቸኩለው።»

ዐብዲወሃብ አልሳቀም። ስልኩ ጮኸ፤ በሶማሊኛ እየተጣደፈ ተናገረና ስለቱን አነሳ።

«እንዲሁ እወስደዋለሁ። ጨርቅ እጠመጥምበታለሁ።»

መለሰ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አትወስደውም።»

«ለምን?»

«ሰው ልትገድልበት ነው።»

ዐብዲወሃብ በእጁ ያለውን ስለት አየ፤ ከዚያ መለሰን።

«ሽማግሌዎቹ እኮ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። የእርቁን ሙክት የማርደው እኔ ነኝ። አንዱም ወገን ባልተጠቀመበት አዲስ ቢላዋ ይሁን ብለዋል። ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በፊት ካልደረስኩ እርቁን እምቢ አለ ይባላል። የገዳዩ ወገን ወጣቶች ክላሽ ይዘው ነው የመጡት። የእኛም።»

መለሰ በርጩማውን ገፍቶ ቁርቁራውን አወጣ።

«ይሄ የት ነበር?»

«ከሥሬ።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

«አላህ ይይልህ!» አለና ዐብዲወሃብ ራሱ ወናፉ ጋ ተቀምጦ እሳቱን ይነፋ ጀመር።

ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። «ፈርዶውሳ! እንዳታስኬጂው!» ብሎ ጮኸ መለሰ። እሷም የብርጭቆ ትሪዋን እንደያዘች መኪናው ፊት ተገተረች፤ ሾፌሩ እየተሳደበ ፍሬን ያዘ። መለሰ የስለቱን ጭራ ፍም እስኪመስል አግሎ እንጨቱ ውስጥ ሰካው። ቁርቁራው ጨሰ። ገና ትኩስ እያለ፣ ሞረዱን በኪሱ ከትቶ፣ እሱም አብሮ ተሳፈረ።

መንገዱን ሙሉ እጀታውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞረደው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሞረዱ ጣቱን ይልጠዋል።

ሀርሺን ሲደርሱ ከአንድ ግራር ሥር በሁለት ወገን ተቀምጠው ከነበሩት ብዙዎቹ ተነስተዋል። አንዳንዶቹ መሣሪያቸውን ከትከሻቸው አውርደዋል። የገዳዩ አባት ሀናድ ግን አልተነሱም። ልጃቸው አጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ዘገየህ» አሉ።

«እጀታው ነው ያዘገየኝ።»

መለሰ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ማንም አላየውም።

ሀናድ ቢላዋውን ተቀብለው ያልለሰለሰውን እንጨት ዳበሱ። ከዚያ ባለ በሌለ ጉልበታቸው ጠመዘዙት። ቁርቁራው አልተነቃነቀም።

«ገና እንደሞቀ ነው» አሉና ስለቱን በኩታቸው ይዘው እጀታውን ወደ ዐብዲወሃብ ዘረጉለት።

ዐብዲወሃብ ጨበጠው። ገዳዩ ከአጠገቡ ነበር፤ ክንድ ቢዘረጋ ይደርስበታል። መለሰ ላይ የጠዋቱ ፍርሃት እንዳለ ተመለሰበት፤ እጁ ራሱ ያንን ቁርቁራ የያዘ ይመስል ተኮማተረ። ገዳዩም ቀና አላለም።

ዐብዲወሃብ ቆመ። ከዚያ አልፎት ሄዶ ሙክቱ አጠገብ ተንበረከከና የሙክቱን ፊት ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዞረ።

«ቢስሚላህ።»

የቆሙት አንድ በአንድ መቀመጥ ጀመሩ።