ከኋላ የሚመጣው ድምፅ

የይመኙሻል ድካም በእንቅልፍ የሚወጣላት አልነበረም። ደክሟት ትተኛለች፣ ደክሟት ትነሣለች። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ ጸሐፊ ናት፤ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ የበጎችን ክብደት ከመዝገብ እያየች ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት ነው። ዘመኑ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር። ልጇ ዘርአ ዳዊት ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ስምንት ወር ሆኖታል። ሰው ሲጠይቃት "ደህና ነው" ትላለች። ወታደሮች ወደሚመዘገቡበት ቢሮ ሄዳ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። ያልጠየቁት ነገር መልስ የለውም፤ መልስ ያልመጣበት ልጅ ደግሞ ገና በሕይወት አለ ማለት ነው። እንዲህ ብላ ራሷን አሳምና ትኖር ነበር።

ኮምፒዩተሩን የሚጠግነው ረሺድ የሚባል የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ አራት ቢሆን ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጣና፣

"እትዬ፣ እስቲ አንዴ እዚህ ይቀመጡ" አላት።

"ተወኝ ረሺድ፣ ምሳዬን ልብላ። ጭንቅላቴ በግ በግ እያለኝ ነው።"

"በግ የለበትም። ጨዋታ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ሁለት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓቱ ሲጽፈው የከረመ ነገር ነበር። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። በኮምፒዩተሩ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ፤ እሱም በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ።

"ጉም ነው። ከአልዩ አምባ ተነሥተሻል። አንኮበር ሩቅ ነው። ፋኖስ ይዘሻል፤ ላምባው ጥቂት ነው።"

"ሴት መሆኔን ማን ነገረው?"

"እኔ። ለእርስዎ ብዬ ዛሬ ቀየርኩት።"

"ሂጂ" ብላ ጻፈች። ዳገቱ ተጀመረ። "ቁሚ" አለች፤ "አዳምጪ" አለች። መስታወቱም መለሰላት፦ "ድንጋይ ተንከባለለ። የነካሽው አንቺ አይደለሽም።"

ጠጉሯ ቆመ። ጥቂት እንደ ሄደች ላምባው አለቀባት፤ "ፋኖስሽ ጠፋ" አላት መስታወቱ፣ በዚያው አበቃ። ይመኙሻል ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! "አሁን እኔ ፍርሃት ጎድሎኝ ነው?" ብላ ተነሣች።

በነጋታው ግን ምሳዋን ሳትፈታ እዚያው ወንበር ላይ ተገኘች።

ምን እንደሳባት ለራሷም ግልጽ አልነበረም። የቤቷ ፍርሃት በር አልነበረውም፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ይኼኛው ፈቅደው የሚገቡበት፣ የሥራ ደወል ሲደወል የሚወጡበት ፍርሃት ነው። ላምባዋን ስትቆጥብ፣ ኮቴ ስታዳምጥ፣ ያ ሁሉ ሐሳብ ከጭንቅላቷ ይወጣል። ስትነሣም ይደክማታል፤ ግን መንገድ የሄደ ሰው ድካም ነው፣ ያሳርፋል።

ወሬው ተሰማና ሾፌሩም፣ ክትባት የሚሰጡትም ተራ ይይዙ ጀመር። አንኮበር የደረሰ ግን አልተገኘም።

"ለመሆኑ ያ ከኋላ የሚከተለኝ ምንድነው?" አለችው አንድ ቀን።

"ወላሂ አላውቅም እትዬ። እኔ የጻፍኩት ድምፁን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከአባቴ ጋር ጉም ለብሰን ዳገቱን ስንወጣ ከኋላችን ሰማሁት። አባቴ 'ዞር እንዳትል' አለኝ። አልዞርኩም። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።"

አንድ ቀን የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ገብረ ሕይወት ድንገት በሩን ከፍተው ገቡ። ሰልፈኛው እንደ ቆቅ ተበተነ። "ምንድነው ይኼ?" አሉና ለማጣራት ተቀመጡ። ሲያጣሩ ሻያቸው ቀዘቀዘ፤ ሾፌራቸው ውጭ ሆኖ ጥሩምባ ቢነፋ አልሰሙትም። ድንጋዩ ሲንከባለል ዘወር ብለው በሩን አዩ። በመጨረሻ ላባቸውን ጠርገው ተነሡና ረሺድን ጠሩት።

"ሥራህ ጥሩ ነው፣ እንዳትቀየመኝ" አሉት። "ግን ሐሙስ ከክፍለ ሀገር የፓርቲ ሰዎች ይመጣሉ። 'ከኋላ የሚከተለው ማነው?' ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው? አጥፋው።"

ረሺድ እስከ ነገ ምሳ ብቻ ለምኖ አስፈቀደ።

በነጋታው ይመኙሻል ለመጨረሻ ጊዜ ተቀመጠች። እንደዚያ ቀን ሩቅ ሄዳ አታውቅም፤ ዳገቱ ላይ ያለው ጫካ ውስጥ ገባች። ላምባው ሊያልቅ ነው፣ ኮቴው ቀርቧል። እጇ ፊደሎቹ ላይ ዛለ። ይኼም ከኋላዬ ያለው ይህንኑ ዳገት እየወጣ ነው፣ እሱም ደክሞት ይሆናል፣ ብላ አሰበች። ከዚያም "ዙሪ" ብላ ጻፈች።

"ይህን ቃል አላውቅም" አላት መስታወቱ።

"ማነህ" ብላ ጻፈች።

"ይህን ቃል አላውቅም።"

ፋኖሱ ጠፋ።

"እትዬ፣" አለ ረሺድ ቀስ ብሎ፣ "ዙሪ የሚል ቃል አላስገባሁበትም። አልደፈርኩም።" እጁን ሰደደና ፕሮግራሙን ደመሰሰው። መደምሰሱ ቅጽበት አልፈጀም።

ይመኙሻል ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ለማንም አልተናገረችም። የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊቷን እየገረፋት ያን ስምንት ወር የሸሸችው ቢሮ ደረሰች። የቢሮው ጸሐፊ የልጇን ስም እስከ አያቱ ጠየቃትና መዝገቡን ገለበጠ። ቆማ ጠበቀች።

"ዘርአ ዳዊት ገብረመንፈስቅዱስ... አለ። ቆስሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቷል።"

"በሕይወት አለ?"

"አለ እናቴ። ቀኝ እግሩ ነው የተቆረጠው።" ሰውየው ቀና ብሎ አያት። "ይኼ ወረቀት ከመጣ አምስት ወሩ ነው። እስከ ዛሬ ምነው ሳይመጡ?"

ይመኙሻል አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አምስት ወር፤ እሱ አልጋ ላይ ተኝቶ በር በሩን ሲያይ፣ እሷ "ደህና ነው" ስትል። ሰውየው የሆስፒታሉን ስምና የክፍሉን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጣት፤ ውኃም አስመጣላት። ጠጣች።

"ለነገ የመጀመሪያው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"አሥራ ሁለት ላይ። ቀደም ብለው ይሰለፉ፤ ወንበር ቶሎ ያልቃል።"