የወንድም ጋሼ ቋጠሮ

አምቡላንሱ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጋራዡ ሲመጣ ሾፌሩ ሰላምታም አላስቀደመ።

«ዳገቱ ላይ አሁንም ጉልበት ከዳው» አለ። «ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ እየጮኸች በአንደኛ ማርሽ ተንፏቀቅኩ። ዛሬስ ደረስን፤ ነገስ?»

ዋናው መካኒክ የቱርቦውን ግፊት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ ሁለት ጊዜ ቀይሮለታል። ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ስለሆነበት ዛሬ ቆርጦ ተነስቷል።

«ቱርቦው ራሱ ነው፤ ይወርዳል። አዲሱ እስኪመጣ አንድ ወር መቆም ነው» አለ።

«ቱርቦው ምን በወጣው!» አለች ታናሽ እህቱ፣ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን። «እስከ ምሳ ሰዓት ስጠኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

ይህቺ ሴት በራሷ ስትተማመን ለጉድ ነው። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት፤ ሰው የሚናደድባትም ለዚሁ ነው።

የቫልቩን ሶኬት ነቀለችና ቁልፍ አስከፍታ በቮልት መለኪያ ለካች። አሥራ ሁለት ቮልት፣ ቅንጣት ያልጎደለ።

«አላልኩሽም?» አለ ወንድሟ ደረቱን ነፍቶ። «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው።»

«ሁለቴ የተሸወድከው በዚሁ ነው። ሽቦው በአንዲት ክር ቢንጠለጠልም መለኪያው ሙሉ ነው ይልሃል። እስቲ ሥራ እንስጠውና እንየው።»

ከመሳቢያዋ የፍሬቻ አምፖል አውጥታ ሶኬቱ ላይ አገናኘች። አምፖሉ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ፤ ከዚያ አላለፈም። ልቧ በደስታ ዘለለ። አምፖሉን ሳትነቅል ሽቦውን በጣቶቿ እየዳበሰች ወደ ኋላ ተከተለችው። ከሞተሩ ጀርባ አንድ ቦታ ላይ ስትጫነው አምፖሉ ቦግ አለ፤ ስትለቀው ደከመ። አጎንብሳ በባትሪ አየች።

ሽቦው የታሰረበት ሲባጎ ነው። በሰም የታሸ፣ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ፣ በፒንሳ ተስቦ የጠበቀ። በጋራዡ እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው። «ሥራዬ በቋጠሮዬ ይታወቃል» እያለ ሲኮራ ኖሯል፤ ሽቦ መያዝ ያስተማራትም እሱው ነው። ቋጠሮው ላስቲኩን ሳይቀድ የውስጡን መዳብ አንቆ፣ ከአንዲት ክር በስተቀር በጥሶታል።

ሲባጎውን ቆርጣ ኪሷ ብትከተው ማንም አያውቅም ነበር። ግን የጤና ጣቢያው ሁለተኛ አምቡላንስም በዚሁ እጅ ነው የታሰረው።

«ወንድም ጋሼ፣ ና እየው» አለች።

አጎነበሰ። ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰ። ቀና ካለ በኋላ፣ እሷ የተጎዳውን ቆርጣ አዲስ ሽቦ እስክትበይድና ላላ አድርጋ እስክታስር ባትሪውን ይዞላት ቆመ።

ዳገቱን ሦስቱም አብረው ወጡት፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ቱርቦው እያፏጨ። ሾፌሩ መሪውን እየመታ ሳቀ።

«እጅሽ ይባረክ! ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?»

እሷ አፏን ስትከፍት ወንድሟ ቀደማት።

«ሽቦውን አጥብቄ አስሬ የበጠስኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያኛውን አምቡላንስም ዛሬውኑ አምጣው። እሱንም ያሰርኩት እኔ ነኝ።»